እሺ ነገና የቦኖው ቁልፍ

ተረት ተረት ልላችሁ ነው። «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት በረት ውስጥ ላም የለችም። ያለችው አንዲት አሮጌ ስኩተር ናት፤ እሷም አልነሳም ብላለች። መሐል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ይህ ተረት ደግሞ በተደገመ ቁጥር እየረዘመ የሚሄድ ነው፤ በኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ዋርካ መገንጠያ በምትባል ከተማ ጋሽ ድንቁ የሚባሉ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነስተው በየሰፈሩ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ «እከሌ አርፏል፤ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው» ብለው ይለፍፋሉ። ጉልበታቸው ሲደክም እድሩ አንዲት አሮጌ ስኩተር ሰጣቸው። የምን ስኩተር፤ ዛሬ ብትነሳ ነገ አትነሳም። ወደ ቀብር ሲሄዱባት ትቆማለች፣ ከቀብር ሲመለሱ ትበራለች። የሰፈሩ ሰው «እሺ ነገ» ብሎ ስም አወጣላት። በኋላ የጋሽ ድንቁ ጉልበት ጭራሽ ከዳቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። ጥሩምባውም፣ እሺ ነገም ለልጃቸው ለአስካለ ተላለፉ። አስካለ ጥሩምባውን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ስኩተር ግን ገና መልመዷ ነው። ኳስ ሜዳውን ትዞራለች፣ ድልድይ ሲያጋጥማት ወርዳ ትገፋለች፣ ከኋላ ሲጠሯት ዞር አትልም። ዞር ካለች ትወድቃለች።

አንድ ቅዳሜ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ክንፈ የጋሽ ድንቁን በር በቀስታ አንኳኩ። የምሥራች ይዞ የሚመጣ ሰው በር ይደበድባል፤ በቀስታ የሚያንኳኳውን ጥሩምባ ነፊ ቤት ያውቁታል።

«እማማ ፈለቀች አረፉ» አሉ አቶ ክንፈ።

እማማ ፈለቀች የገበያው ቦኖ ጠባቂ ነበሩ። የከተማው ሰው ውሃ የሚቀዳው ከዚያ ቧንቧ ነው። ማለዳ ማለዳ ከሁሉም ቀድመው ደርሰው ጓጉንቸሩን ይከፍታሉ፣ ጄሪካን ያሰልፋሉ፣ ወረፋ የሚዘለውን በአገጫቸው ጠቁመው ወደ ኋላ ይመልሳሉ። የቦኖውን ቁልፍ በቀይ ክር ወገባቸው ላይ ያስሩታል። ሲተኙም አይፈቱትም።

ጋሽ ድንቁ ከአልጋቸው ቀና አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አስካለ፣ ስሚኝ። ጥሩምባው እዚህ አይነፋም። መጀመሪያ ማዶ ነው የሚነፋው። ቃል አለብኝ» አሉ።

የቃሉ ነገር እንዲህ ነው። እማማ ፈለቀች ብዙአየሁ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ከወንዝ ማዶ ተድራ እዚያው ትኖራለች። የብዙአየሁ አባት የሞቱ ቀን ጥሩምባው ከተማ ውስጥ ቀድሞ ተነፋ። ብዙአየሁ ምንም ሳትሰማ ገበያ ወረደችና ጨው ልትገዛ ቆመች። ጨው ሻጩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የምታውቅ መስሎት ነው። «አንቺ፣ ያባትሽን ቀብር ትተሽ ጨው ትገዣለሽ?» አላት። ጨው የያዘችበት እጇ ተፈታ፤ እሷም ጨው ላይ ወደቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙአየሁ ጨው በእጇ አትገዛም፤ ጎረቤት ናት የምትገዛላት። እማማ ፈለቀች ይህ ነገር ከሆዳቸው አልወጣም። «ድንቁ፣ የኔ ቀን ሲመጣ ልጄ መንገድ ላይ እንዳትሰማ። ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ሰው ከቧት ትስማ» ብለው ቃል አስገቧቸው።

የዚህች ከተማ ሰው ደግሞ መርዶ በስልክ አይናገርም፣ በመንገድ አይናገርም፣ ሽማግሌ ሳይዝ አይናገርም። ዘመድ ሳይረዳ ለቅሶ ይታፈናል፤ የሰሙት የቅርብ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ያለቅሳሉ። አንድ ሰው የሰማው ገበያ የሰማው ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው። ጤዛው ሲደርቅ ብዙአየሁ ሽንኩርቷን ተሸክማ ወደ ከተማ ትወርዳለች።

«በእግሯስ ብትሄድ?» የሚል አለ። አውቄዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ እንዲህ የሚል አይጠፋም። በእግሯ ከሄደች ብዙአየሁን የምታገኛት መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ አይነገርም ብያችኋለሁ። «ባጃጅስ?» የማዶ ድልድይ ጠባብ ነው፣ ባጃጅ አያሳልፍም። «ሌላ ሞተርስ?» በገበያ ቀን የከተማው ሞተር ሁሉ ሳይነጋ ገጠር ወጥቶ ሰው ይጭናል። የቀረችው እሺ ነገ ብቻ ናት።

አስካለ ጥሩምባውን በጨርቅ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተች። እሺ ነገን ከግቢ አወጣች። አባቷ እንዳስተማሯት ቾኩን፣ የአየር መዝጊያውን ዘንግ፣ ሳበች፤ አባቷ «መልሺው» ያሏትን ግን ረሳች። የማስነሻውን ብረት ረገጠች። እሺ ነገ አንዴ አሳላትና ዝም አለች። ደግማ ረገጠች፤ ደግማ ዝም። በረገጠች ቁጥር ቤንዚኑ እየገባ ካንዴላው ራሰ፣ የቆየው ጥላሸት ላቆጠ፣ እሳት መስጠት ተወ። ጋሽ ድንቁ ከውስጥ ሆነው ድምጿን ሰሙ። «ተዪ፣ አትርገጪያት። ካንዴላው ነው፤ ወደ ቱፋ ግፊያት» አሉ።

እንግዲህ ሰንሰለቱ እዚህ ይጀምራል፤ ያዙልኝ። ካንዴላው ካልተጠረገ እሺ ነገ አትነሳ፤ እሺ ነገ ካልተነሳች አስካለ ማዶ አትደርስ፤ አስካለ ማዶ ካልደረሰች ብዙአየሁ የእናቷን ሞት መንገድ ላይ ትሰማለች።

አስካለ እየገፋች ጋሽ ቱፋ ጋራዥ ደረሰች። ጋሽ ቱፋ መካኒክ ናቸው፣ ስኳር በሽታም አለባቸው። ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ጭናቸው መሐል ጨብጠው ይዘዋል።

«ጋሼ ቱፋ፣ ካንዴላውን ይጥረጉልኝ። መንገድ አለብኝ።»

«እጄን እይው» አሉና አወጡት። ይንቀጠቀጣል። «ሳልበላ እንዲህ ነው። በሚንቀጠቀጥ እጅ ካንዴላ ከፈታሁ ጥርሱ ይበላል፤ ያኔ ዛሬም ነገም የለሽም።»

«መፍቻውን ይስጡኝ፣ እኔ እፈታዋለሁ።»

«የኔን መፍቻ ለጀማሪ አልሰጥም። ሂጂ፣ ሩቂያን ፉሌን ላኪልኝ በያት። ሐኪሙ ባቄላ ብላ ነው ያለኝ፤ ዳቦ ብቻ ቢሆን ራሴን ይጥለኛል። ለመሆኑ ምን ያስቸኩልሻል በጠዋቱ?»

አስካለ ስኩተሯን ደጃቸው ላይ አቁማ ሄደች። ጋሽ ቱፋ ካልበሉ ካንዴላው አይጠረግ፤ ካንዴላው ካልተጠረገ እሺ ነገ አትነሳ፤ እሺ ነገ ካልተነሳች አስካለ ማዶ አትደርስ፤ አስካለ ማዶ ካልደረሰች ብዙአየሁ የእናቷን ሞት መንገድ ላይ ትሰማለች። ጤዛው ግን ገና አልደረቀም።

እትዬ ሩቂያ ፉል ቤት አላቸው። ባቄላው ሌሊቱን ሲንተከተክ አድሮ ውሃውን ጨርሷል፤ እትዬ ሩቂያ ከድስቱ አጠገብ ቆመው ከሰሉን ወደ ጎን እያራቁ ነው።

«እትዬ ሩቂያ፣ የጋሽ ቱፋን ፉል ስጡኝ፤ እኔ አደርስላቸዋለሁ።»

«ምኑን ልስጥሽ? ባቄላው ሊያርብኝ ነው። ቤቴ ውስጥ ጠብታ የለም፤ ለውዱ፣ ለሶላት መታጠቢያው እንኳ በመከራ ነው ያገኘሁት። ያ ደርቤ ጋሪውን ይዞ የት እንደገባ አላውቅም። ውሃ አምጪልኝ፣ ፉሉን ውሰጂ።»

ወንዙ ሰሞኑን በዝናብ ደፍርሷል፤ «ከወንዝ ትቅዳ» እንዳትሉኝ። አስካለ ወጣች። ውሃው ካልመጣ ፉሉ አይፈላ፤ ፉሉ ካልፈላ ጋሽ ቱፋ አይበሉ፤ ጋሽ ቱፋ ካልበሉ ካንዴላው አይጠረግ፤ ካንዴላው ካልተጠረገ እሺ ነገ አትነሳ፤ እሺ ነገ ካልተነሳች አስካለ ማዶ አትደርስ፤ አስካለ ማዶ ካልደረሰች ብዙአየሁ የእናቷን ሞት መንገድ ላይ ትሰማለች።

ባለጋሪው ደርቤን መንገድ ላይ አገኘችው። በርሜሉ ባዶ ነው። አህያዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቦራ፣ መንገዱ መሐል እግሯን ተክላ ቆማለች። ደርቤ ፊቷ ተንበርክኮ ያባብላታል።

«ደርቤ፣ ለሩቂያ ቤት ውሃ አድርስ።»

«ለቦራ ንገሪያት እንጂ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለ ደርቤ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠጣችም። ሳትጠጣ ደግሞ አትሄድም፤ ብገድላት አትሄድም። እኔም አልመታትም፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ቦኖው እስካሁን አልተከፈተም አሉ። እማማ ፈለቀች ዛሬ ምን ነካቸው?»

አስካለ ጉያዋ ያለውን ጥሩምባ በክንዷ ጫን አደረገችው። የደርቤን ዓይን አላየችም። «ሄጄ ልየው» ብቻ አለች።

ቦራ ካልጠጣች ጋሪው አይሄድ፤ ጋሪው ካልሄደ ውሃው አይመጣ፤ ውሃው ካልመጣ ፉሉ አይፈላ፤ ፉሉ ካልፈላ ጋሽ ቱፋ አይበሉ፤ ጋሽ ቱፋ ካልበሉ ካንዴላው አይጠረግ፤ ካንዴላው ካልተጠረገ እሺ ነገ አትነሳ፤ እሺ ነገ ካልተነሳች አስካለ ማዶ አትደርስ፤ አስካለ ማዶ ካልደረሰች ብዙአየሁ የእናቷን ሞት መንገድ ላይ ትሰማለች። ፀሐይ ወጥታለች። በጥላ ያለው ሣር ብቻ ነው ርጥብ።

ቦኖው ጋ ጄሪካኑ ከገበያው በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰልፏል። ሴቶቹ ቆመዋል። ቧንቧው በብረት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ በጓጉንቸር ተቆልፏል። አስካለ ጓጉንቸሩን በእጇ ይዛ ጎተተችው፤ እንደማይከፈት እያወቀች ነው፣ ዝም ብላ ነው የጎተተችው።

«ጎትተነዋል፣ አይከፈትም» አለች ከፊት የቆመች ረጅም ሴት። «እሷ ናት ቁልፉን ታቅፋ የተኛችው። አርጅታለች፤ ለሌላ ሰው ትስጥ ብዬ ስንቴ ተናግሬያለሁ።»

«ኧረ ተዪ፣ እማማ ፈለቀች ዘግይተው አያውቁም» አለች ሌላዋ።

«ዛሬ ዘገየች አይደል? ልጄን ሳላጥብ ነው የወጣሁት። ስትመጣ እነግራታለሁ።»

አስካለ አንድ ቃል ብትናገር ያ ሰልፍ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ያለቅሳል፤ ለቅሶው ገበያ ይገባል፤ ገበያው ብዙአየሁን መንገድ ላይ ይቀበላታል። ስለዚህ ስድቡን ዋጠችው። ሰው የሚወደው ሲሰደብ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዞራ ሄደች፤ የሄደችውም ቁልፉ ወዳለበት፣ ወደ እማማ ፈለቀች ቤት ነው።

የእማማ ፈለቀች በር ገርበብ ብሏል። የቅርብ ጎረቤቶች ውስጥ ናቸው፤ ገላቸውን ሊያጥቡና ሊገንዙ ተዘጋጅተው ውሃ አጥተው ተቀምጠዋል። ማንም ድምፅ አያሰማም። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከመካከላቸው በዕድሜ የበለጡት እማማ ደብሪቱ፣ የሟች የቡና አጣጭ፣ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ፣ እስካሁን አልሄድሽም? ጤዛው ሊደርቅ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

አስካለ በሩ ላይ ተንበረከከች። ምን ብላ እንደምትጀምር ብታጣ፣ ሁሉንም እንዳለ አወጣችው። «ቁልፉ ካልተገኘ ጓጉንቸሩ አይከፈት፤ ጓጉንቸሩ ካልተከፈተ ቦኖው አይፈስ፤ ቦኖው ካልፈሰሰ ቦራ አትጠጣ፤ ቦራ ካልጠጣች ጋሪው አይሄድ፤ ጋሪው ካልሄደ ውሃው አይመጣ፤ ውሃው ካልመጣ ፉሉ አይፈላ፤ ፉሉ ካልፈላ ጋሽ ቱፋ አይበሉ፤ ጋሽ ቱፋ ካልበሉ ካንዴላው አይጠረግ፤ ካንዴላው ካልተጠረገ እሺ ነገ አትነሳ፤ እሺ ነገ ካልተነሳች እኔ ማዶ አልደርስ፤ እኔ ማዶ ካልደረስኩ እትዬ ብዙአየሁ የእናቷን ሞት መንገድ ላይ ትሰማለች» አለች። እየተናገረች እንባዋ ይወርድ ነበር።

እማማ ደብሪቱ ወደ አልጋው አዩ። «ቁልፉ ወገቧ ላይ ነው። አልፈታነውም። እሷ ያልፈታችውን እኛ እንዴት ብለን እንፍታው ብለን ተውነው።»

ከዚያ እማማ ደብሪቱ ተነሱ። ወደ አልጋው ጎንበስ ብለው፣ ለተኛ ሰው እንደሚናገሩ አድርገው፣ «ፈለቁዬ፣ ለልጅሽ ነው» አሉ። ቋጠሮው ጠብቆ ኖሯል። ቢላ ያቀበላቸው ነበር፤ አልተቀበሉም። በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ፈቱት። አስካለ የእማማ ፈለቀችን እግር ስማ ቁልፉን ተቀበለች። ስኩተር ስትይዝ ሁለቱም እጆቿ ያስፈልጓታልና፣ እንዳይጠፋባት ቀዩን ክር የእጇ አንጓ ላይ አሰረችው።

ቦኖው ጋ ተመልሳ መጣች። ያቺ ረጅም ሴት «አንቺ ደግሞ የት…» ብላ ጀመረችና ቀዩን ክር አየችው። ያን ክር የማያውቅ ውሃ ቀጂ የለም። እማማ ፈለቀች በሕይወት እያሉ ያ ክር በሌላ ሰው እጅ ታይቶ አያውቅም። ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከኋላዋ ያለችው አየች፣ ከዚያም የሚቀጥለው፤ ዝምታው ከገበያው በር ተነስቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። «ሞቱ ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ጥሩምባው እስካሁን ለምን እንዳልተነፋ፣ አስካለስ ወዴት እንደምትቸኩል ለሁሉም ገባው፤ የጨው ሻጩን ነገር ሁሉም ያውቃልና። ያለቀሰም የለም። ረጅሟ ሴት ጄሪካኗን ከሰልፉ ፊት አንስታ ወደ መጨረሻው ወሰደችው።

አሁን ሰንሰለቱ ሲመለስ ስሙ። ቁልፉ ተገኘና ጓጉንቸሩ ተከፈተ፤ ጓጉንቸሩ ተከፈተና ቦኖው ፈሰሰ። የመጀመሪያው ባልዲ ወደ ሟች ቤት ሄደ፤ ማንም ሂድ አላለውም፣ ራሱ ሄደ። ሁለተኛው ባልዲ ለቦራ። ሰው ተሰልፎ እያለ አህያ ቀድማ ስትጠጣ በዚያ ቦኖ ታይቶ አይታወቅም፤ ያን ቀን ግን ማንም ምንም አላለም። ቦራ ጠጣችና ጋሪው ሄደ፤ ጋሪው ሄደና ውሃው መጣ። እትዬ ሩቂያ «ማን ከፈተው?» ብለው ደርቤን ጠየቁት። ደርቤ መሬት መሬቱን አየ። እትዬ ሩቂያ «ኢና ሊላሂ» ብለው በልባቸው ጨረሱት፣ ባቄላው ላይ ውሃ ጨመሩ፣ ከሰሉን መለሱ። ውሃው መጣና ፉሉ ፈላ።

ፉሉን ለጋሽ ቱፋ ያደረሰችው ራሷ አስካለ ናት። አንድ ጉርሻ ጎርሰው የእጇን ክር አዩና ማኘክ አቆሙ። ሳህኑን ወደ ጎን አሸሹት።

«ጋሼ፣ ይብሉ እባክዎ» አለች አስካለ።

«ዘመኔን ሁሉ ያጠጣችኝ ሴት ሞታ እኔ ፉል ልብላ?» አሉ።

«ካልበሉ እኔ አልደርስም።»

ጋሽ ቱፋ ሳህኑን መልሰው ሳቡት። እንባቸው እየወረደ ጎረሱ፤ መድኃኒት እንደሚውጡ ዋጡት። ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ መንቀጥቀጡን ትቷል። ካንዴላውን ፈቱ፣ በሽቦ ብሩሽ ፋቁት፣ አደረቁት፣ መለሱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የቾኩን ዘንግ አዩ። «ስበሽ አልመለስሽውም» አሉ፤ አልተቆጧትም። «ስትነሳልሽ መልሺው። እሷ እምቢ አላለችም፤ አንቺ ነሽ ትንፋሽ ያሳጣሻት።» ጋሽ ቱፋ በሉና ካንዴላው ተጠረገ፤ ካንዴላው ተጠረገና እሺ ነገ በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳች።

አስካለ ነዳች። የዋርካው ሥር ሣር ብቻ ነበር ጤዛ የቀረበት። ድልድዩ ጋ ደረሰች፤ ሁልጊዜ ወርዳ የምትገፋበት ድልድይ ነው። ጣውላው ይንቀጫቀጫል፤ ከሥሩ የደፈረሰው ውሃ ይታያል። መውረድ አሰበች። ከወረደች ሞተሩ ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ ማን ያውቃል። አልወረደችም። መሐል ላይ እሺ ነገ አሳላት፤ ድምጿ እየሰለለ ሄደ። አስካለ በዚያች ቅጽበት ምን እንደረሳች ትዝ አላት፤ ቾኩን ወደ ውስጥ ገፋችው። እሺ ነገ ትንፋሽ አገኘችና ድልድዩን አለፈች።

የማዶው ሽማግሌ አባ ይርጋ ከቤታቸው ደጅ ቆመው ነበር። የጋሽ ድንቁን ስኩተር በዚያ ሰዓት ሲያዩ ጋቢያቸውን ደረቡ፤ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ተያይዘው ወደ ብዙአየሁ ግቢ ገቡ።

ብዙአየሁ ሽንኩርቷን ኬሻ ሞልታ አፉን በወስፌ ትሰፋለች። የቀራት ጥቂት ስፌት ነው። «እንዴት አደራችሁ፣ ምነው በጠዋቱ?» አለች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋወጠ። አባ ይርጋ «ደህና ነን ልጄ፣ ቁጭ በይ እስቲ» አሉ።

አስካለ እንደ ልማዱ ልትስማት ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች። እጅጌዋ ወደ ኋላ ተሰበሰበ፤ ቀዩ ክር ወጣ፣ ቁልፉም ከሥሩ ተንጠለጠለ። መርዶ ነጋሪ የሟች ዕቃ ይዞ ደጅ አይረግጥም። ቁልፉን ለቦኖው ሰልፍ ትታ መምጣት ነበረባት፤ ቸኩላ ረስታዋለች። አባ ይርጋ አዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ብዙአየሁ ክሩን በጣቷ ነካችው። «ይኼ የእማዬ ነው» አለች። «እማዬ ስትተኛም አትፈታውም።» ኬሻው ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው የፈታችው እሷ አይደለችም» አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አሉ አባ ይርጋ። ሴቶቹ ከበቧት፤ አንዷ ከኋላ ደገፈቻት፣ አንዷ እጇን ያዘቻት። ብዙአየሁ በግቢዋ፣ በሰዎቿ መሐል አለቀሰች።

አስካለ እግሯ ሥር ወደቀች። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ይዤው መግባት አልነበረብኝም።»

«ተነሺ» አለቻት ብዙአየሁ። «የማንም አፍ አልነገረኝም። ራሷ ናት የነገረችኝ።» ቁልፉን ከአስካለ እጅ ፈትታ ጨበጠችው። «ውሃውስ?» አለች።

«ተከፍቷል እትዬ።»

«ማን ያሰልፋል?»

«ማንም። ሰዉ ራሱ ተሰልፏል።»

ብዙአየሁ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ አስካለ ጥሩምባውን ከጉያዋ አወጣች፤ ጨርቁን ገለጠች። የመጀመሪያው ጥሩምባ በልጃቸው ግቢ ተነፋ። «እማማ ፈለቀች፣ የቦኖዋ እናት፣ አርፈዋል። ቀብራቸው በዘጠኝ ሰዓት ነው። የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብላ ለፈፈች። ድምጿ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።

ስትመለስ ብዙአየሁን ከኋላዋ አፈናጠጠቻት። ሰው በየደጁ ወጥቶ ቆሞ ነበር፤ እነሱ ሲያልፉ ራሱን እየያዘ ያለቅሳል፤ አሁን ማልቀስ ተፈቅዷል። እሺ ነገም ያን ቀን የትም አልቆመችም። በቀብሩ ላይ ከሩቂያ ሰፈርም፣ ከማዶም፣ ከገበያም ያልመጣ የለም። ቦኖው ቀኑን ሙሉ ያለ ጠባቂ ዋለ፤ አንድም ጄሪካን ወረፋ አልዘለለም። ረጅሟ ሴት መቃብሩ ጋ ለብቻዋ ብዙ ቆየች። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ መጠየቅም አልወደድኩም።

ቁልፉ ተገኘና ጓጉንቸሩ ተከፈተ፤ ጓጉንቸሩ ተከፈተና ቦኖው ፈሰሰ፤ ቦኖው ፈሰሰና ቦራ ጠጣች፤ ቦራ ጠጣችና ጋሪው ሄደ፤ ጋሪው ሄደና ውሃው መጣ፤ ውሃው መጣና ፉሉ ፈላ፤ ፉሉ ፈላና ጋሽ ቱፋ በሉ፤ ጋሽ ቱፋ በሉና ካንዴላው ተጠረገ፤ ካንዴላው ተጠረገና እሺ ነገ ተነሳች፤ እሺ ነገ ተነሳችና አስካለ ማዶ ደረሰች፤ አስካለ ማዶ ደረሰችና ብዙአየሁ የእናቷን ሞት መንገድ ላይ አልሰማችም።

አርባው ካለፈ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ብዙአየሁ ገበያ ወረደች። ሽንኩርቷን ሸጠች። ከዚያ ያ ጨው ሻጭ ጋ ሄዳ ቆመች። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ብዙአየሁ ጎንበስ ብላ ጨው በእጇ አፈሰች፣ ከእፍኟ ወደ ከረጢቷ ገለበጠች፤ አንድ ቅንጣት አልፈሰሰባትም። «እንዴት ሰነበትክ?» አለችው፤ ወደ ቤቷም ሄደች።

ተረቴ ይኸው ነው፣ መልሱልኝ አልላችሁም። አፌንም በዳቦ አታብሱት፤ ደርቋል፣ ከቦኖው አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃዋል። ወረፋ ግን ጠብቃችሁ ቅዱልኝ።